አዳኙ የጾመበት ፍልሰታ

በቀደም ለጉዳይ ቃሊቲ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ በር ላይ ተጠለልኩ። ከውስጥ የሚወጣውን ሽታ ገና ዞሬ ሳላይ አወቅኩት፤ ሲበራ የዋለ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ የጋለ አቧራ፣ የረጠበ ካልሲ፣ የላስቲክ ምንጣፍ። ጌም ቤት ነው። አንገቴን አስግጌ ሳይ ልጆች ተደራርበው ኳስ ይጫወታሉ። ተራውን የሚጠብቅ አንድ ቀጫጫ ልጅ ለጓደኛው፣ "የአውሬ አደን ጌም ግን ይደብራል ባክህ። አንዱን አውሬ ስትቀጠቅጥ ትውላለህ፣ በቃ" ይለዋል።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ገባሁና፣ "የትኛውን ተጫውተህ ነው?" አልኩት። ልጁ ከጫማዬ እስከ ቦርሳዬ አየኝ። "እትዬ፣ ዝናቡ እኮ አባርቷል" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁና ወጣሁ። መልሱ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ስለ አውሬ አደን ጌም ማንም ከእኔ በላይ ሊነግረኝ አይችልም፤ ጥሩነቱንም ጉድለቱንም አንድ ክረምት ሙሉ አይቼዋለሁ። ያ ልጅ ባይሰማኝም ልናገር።

መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ወደ ስድስተኛ ክፍል አልፌ ክረምቱን ቤት ነበርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ይባላሉ። አቃቂ ውስጥ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽፍት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን በማሽን ጩኸት መሀል ሲያወሩ ስለኖሩ ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር አያውቁም። እናቴን "ደህና አደርሽ?" ሲሏት ከሦስት ቤት ወዲያ ያለው ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል።

ቤታቸው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ነው። ቅዳሜና እሑድ እስረኛ ጠያቂው ሁሉ ሳህኑን በፌስታል ቋጥሮ በበራቸው ያልፋል። ሕፃን ሳለሁ ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ስለማይ፣ ግቢው ውስጥ የማያልቅ ሰርግ ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴን "እኛን ለምን አይጠሩንም?" ብዬ ጠይቄያት፣ "ዝም በይ፣ እንዳይጠሩን!" ብላ አፌን በእጇ ከድናዋለች። ሰርጉ ላይ የተጣላችው ሰው ያለ መሰለኝ።

የእትዬ ዘነበች ልጅ አንድ ነው፤ ታሪኩ ይባላል። የመንገድ ዳሩን ክፍል ጌም ቤት አድርጎት ነበር። ፋሲካ እንዳለፈ ብርሃኑ ከሚባል የታች ሰፈር ጓደኛው ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ቴሌቪዥኑንና ጌሙን ለእናቱ ትቶ፣ "ልጆቹን አታባሪያቸው እማዬ፤ ቤቱ ዝም እንዳይልብሽ" ብሏቸው ነው የሄደው። ልጆቹ ግን ሳይባረሩ ሄዱ። የኳሱ ሲዲ ተጭሮ ማንበብ ተወ፣ አንዱ ጆይስቲክ ተበላሸ፣ ከዚያ በላይ ሰፈር ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ጌም ቤት ተከፈተ። የቀረነው እኔና ቶላ ብቻ ነን። የቀረውም ሲዲ አንድ ብቻ ነው፤ የአውሬው።

ቶላ የክፍሌ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ አካባቢው እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው። አባቱ ቂሊንጦ በኩል የፋብሪካ ጥበቃ ቢሆኑም ግቢያቸው ውስጥ ላም አላጡም ነበር። ጴንጤዎች ናቸው፤ ይህ በኋላ ስለሚያጣላን አሁን ልናገር። እትዬ ዘነበች ከእኛ ሳንቲም አልተቀበሉንም። የፈለጉት ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው ነው።

ታሪኩ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሞያሌ ነው። ከዚያ በኋላ ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም ገብቶ ወጣ፤ ስልኩ አልጮኸም። እትዬ ዘነበች ሞባይላቸውን በመሀረብ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። መብራት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰካው እሱ ነው፣ ቀጥሎ ጌሙ።

የጌሙን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሽፋን የለው፣ ጽሑፉም የቻይና ይሁን የጃፓን ባልለየነው ፊደል ነው። አንድ አዳኝ አለ። ከድንኳኑ ይወጣል፣ ጫካ ወይም በረሃ ወይም በረዶ ውስጥ ገብቶ አንድ ትልቅ አውሬ ፈልጎ ይገድላል፣ ከአጥንቱና ከቆዳው ጦርና ልብስ ያሠራል፣ ያንን ለብሶ ደግሞ ከዚያ የባሰውን አውሬ ሊገጥም ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። በአፍ ሲወራ ያ ቀጫጫ ልጅ ትክክል ነው።

ተጫውተህ ካየኸው ግን ሌላ ነው። በሌሎች ጌሞች ሰውዬው በገደለ ቁጥር ጉልበት ይጨመርለታል፤ አንተ ሰነፍ ሆነህ እሱ ጀግና ይሆናል። እዚህ አዳኙ የመጀመሪያው ቀን የነበረው ሰውዬ የመጨረሻውም ቀን ያው ነው። የሚለወጠው ጆይስቲክ የያዘው ሰው ጣትና ዓይን ነው። እኔ ሰኔ ላይ ትንሿ እንሽላሊት የምታባርረኝ ልጅ ነበርኩ፤ ሐምሌ ላይ ሁለት ቆርቆሮ በአንድ ቀን እጥላለሁ። ቆርቆሮ ያልነው ጀርባው እንደ ቤታችን ጣሪያ የተሸነሸነውን አውሬ ነው። ስም ማውጣት የእኛ ሥራ ነበር።

አውሬዎቹ ደግሞ የእውነት ይኖራሉ። ሲርባቸው ይበላሉ፣ ሲጠማቸው ወንዝ ይወርዳሉ፣ ሲገናኙ ይጣላሉ። ምን ያህል ነፍስ እንደቀራቸው የሚያሳይ ምልክት ስክሪኑ ላይ የለም። መጀመሪያ ጊዜ ቆርቆሮ ሲያነክስ ሳይ ሲዲው የተጫረ መስሎኝ ጌሙን በጥፊ ልመታው ስል ቶላ እጄን ያዘኝ።

"አሞት እኮ ነው" አለኝ። "ላማችንም እግሯን ሲያማት እንደዚህ ነው የምትረግጠው። አሁን ሄዶ ይተኛል፤ ቀስ ብለሽ ተከተይው።"

ተከተልኩት። ዋሻው ውስጥ ጅራቱን አቅፎ ተኝቶ አገኘሁት። ይህን የሠራ ሰው አክብሮት ይገባዋል እላለሁ፤ የሚያነክስ አውሬ ሄዶ እንዲተኛ ማድረግ ማንም የማያስበው ነገር ነው።

ጉድለቱን ደግሞ አልሸፍንለትም። ጥግ ላይ ከተገፋህ ስክሪኑ ይዞርና ድንጋይ ያሳይሃል፤ አውሬው ከኋላህ እየመጣ አንተ ድንጋይ ታደንቃለህ። የአውሬው ጅራት ሳይነካህ በክንድ ርቀት አልፎህ ትወድቃለህ። ይህ ግፍ ነው፤ ዛሬም ግፍ ነው እላለሁ። ሣር መልቀምና ድንጋይ መሰብሰብ ይበዛዋል። ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ስትሻገር ስክሪኑ ይጨልማል፤ በእኛ አሮጌ ጌም ደግሞ ጨለማው በቆሎ ጠብሰህ የምትመለስበት ያህል ነው። ማሽኑን ገልብጠን በጀርባው ካላስተኛነውማ ጨርሶ አያነብም ነበር።

አዳኙ ሲወድቅ አይሞትም። አንዲት ጎባጣ አሮጊት ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ መጥታ በእግሩ እየጎተተች ወደ ድንኳኑ ትመልሰዋለች። ሦስቴ ከጎተተችው አደኑ አበቃ። እኔና ቶላ እናቱ ናት ብለን ተስማምተናል።

ታሪኩ ሜሞሪው ላይ የተወው አዳኝ አንድ ነው፤ ከራሱ በላይ በላቲን ፊደል "ታሪኩ" የሚል ተጽፎበታል። ታሪኩ ሁሉንም አውሬ ገድሎ የመጨረሻው ብቻ ቀርቶታል። እሱን ሎንቺና ብለነዋል፤ እንደ ድሮው የክፍለ ሀገር አውቶብስ ትልቅ ነው፣ ከኋላው ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ሲነሣ ግን ፊቱ የሚቆም የለም። እትዬ ዘነበች ማንበብ የሚችሉት አማርኛ ብቻ ቢሆንም ታሪኩ ስሙን በጣቱ ጠቁሞ አሳይቷቸው ነበርና፣ ሁልጊዜ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እዚያች ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ከኋላችን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ፍልሰታ ገባች። እንደምታውቁት ፍልሰታ የልጆች ጾም ናት። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ለሰፈሩ ሁሉ አውጄ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ስለት ገብተዋል፤ እመቤታችን የልጃቸውን ድምፅ እንድታሰማቸው ጾሙን በጥሬና በውሃ ሊጨርሱት። ደረቅ ሽምብራ በኪሳቸው ይዘው ማታ ማታ እሱን ይቆረጥማሉ።

በመጀመሪያው ቀን ከቅዳሴ መልስ ጌሙን ከፈትን። አዳኙ ከአደን በፊት መብላት አለበት። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ መስመር አለች፤ ሲሮጥና ሲንከባለል ትቀንሳለች፣ ሲቆም ትሞላለች። ካልበላ ግን መስመሯ ራሷ እያጠረች ትሄዳለች፣ እሱም ቶሎ ቶሎ ያለከልካል። እኔ እንደለመድኩት እሳቱን አንድጄ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ሥጋውን ዘረጋሁለት።

"ምንድነው እሱ?" አሉ እትዬ ዘነበች ከኋላዬ።

"ሥጋ ነው እትዬ።"

"ዛሬ?"

ሥጋውን ገለበጥኩ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሥተው ቆመዋል።

"የልጄ ስም እላዩ ላይ ተጽፎ፣ እኔ ለእሱ ብዬ ጥሬ እየቆረጠምኩ፣ እሱ በእመቤታችን ጾም ሥጋ ሲገምጥ ቁጭ ብዬ ላይ ነው? አንሺው።"

አነሣሁት። ቶላ ግን ዝም የሚል ልጅ አይደለም። "እትዬ፣ እኔ አልጾምም። እኔ ጆይስቲኩን ስይዝ ቢበላስ?" አለ።

"አንተ ባትጾም እሱ ይጾማል።"

"የሚበላው ግን እኮ የያዘው ሰው ነው። የሚጫነው የእኔ ጣት ነው።"

"ጣትህን ተወው። እሱን ክርስትና ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ማንም ይያዘው ማን፣ ጾሙ እስኪፈታ ሥጋ አይቀምስም። ሌላ የሚበላ ነገር የለውም?"

"እንጉዳይ አለው" አልኩ።

"እንጉዳይ ይብላ።"

እንጉዳዩ የሚያሳድገው መስመር በጥፍር የሚለካ ነበር። እትዬ ዘነበች ያሉት ሥጋ አይብላ ብቻ ነው። የቀረውን የደመደምኩት እኔ ነኝ፤ አዳኙ ጾሙን ከገደፈ ስለቱ ይፈርሳል፣ ስለቱ ከፈረሰ ታሪኩ አይደውልም። ይህን ለቶላ ነገርኩት። ቶላ በሃይማኖቱ ስለት የሚባል ነገር ባይኖርም፣ ታሪኩን ይወደው ስለነበር አልተከራከረኝም። ቀስ እያለ ነገሩ እየሰፋ ሄደ፤ አዳኙ ሲወድቅ ታሪኩም የሆነ በረሃ ላይ የሚወድቅ ይመስለን ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጆይስቲኩን የምይዘው እጄን ልብሴ ላይ ጠርጌ ነው።

ጾመኛ አዳኝ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ሦስት እርምጃ ሮጦ ያለከልካል። አንዴ ተንከባሎ ለሁለተኛው አቅም የለውም። እንደ ድሮው ወዲህ ወዲያ መዝለል ቀረ። እናም ሳንወድ መቆምን ተማርን። አውሬው ከመዝለሉ በፊት አንገቱን ወደየት እንደሚያዘነብል፣ ጭሱን ከማውጣቱ በፊት ስንቴ እንደሚያቃስት፣ የትኛው እግሩ እንደሚቀድም። ቶላ አጠገቤ ተቀምጦ "አሁን… አይደለም… አሁን" ይለኛል፤ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ጎን እራመዳለሁ፣ ሎንቺና በአጠገቤ ያልፋል። በዚያ ጾም ያየሁትን ያህል ጌሙ ሲያምር አይቼው አላውቅም። ጥሩ ጨዋታ ማለት ደካማ ሰው በትዕግሥት ብቻ የሚቆምበት ነው። ይህ በዚህ ጌም ውስጥ አለ፤ የሚደብረው ትዕግሥት የሌለውን ሰው ነው።

ትልቁን ጉድለቱን ያወቅኩትም በዚያው ጾም ነው። ያች ቢጫ መስመር ታጥራ ታጥራ አንድ ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፤ ከዚያ በታች አትወርድም። አዳኙ ያለከልካል እንጂ በረሃብ አይወድቅም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች አውሬን በደንብ ያውቃሉ፣ ረሃብን ግን በወሬ ነው የሚያውቁት።

ሎንቺና ግን ይጥለን ነበር። አዳኙ በወደቀ ቁጥር እትዬ ዘነበች ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ይሳባሉ። አሮጊቷ መጥታ እግሩን ስትይዝ፣ "ቀስ ብለሽ። ራሱን ድንጋይ እንዳይመታው" ይሏታል። ድንኳኑ ስታደርሰው "ጎሽ፣ እናት" ብለው ወደ ኋላቸው ይደገፋሉ። አንድ ጊዜ ሎንቺና ማነከስ ጀምሮ፣ እኔም ቀስ ብዬ ስከተለው፣ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ መሀል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትቶ ጠፋ።  ቶላ ቤቱ እስኪደርስ አለቀሰ አሉ፤ እሱ አላለቀስኩም ይላል።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው የተጣላነው። እኔ በቆሎ እሸት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ እሳቱ ነዷል፣ ሥጋው ድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል፣ ቶላ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጓል።

"ተራበ እኮ" አለኝ፤ ለማሸነፍ አልነበረም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እይው እስቲ፣ ቆሞ እንኳን ያለከልካል።"

እጁን ነከስኩት። እውነቴን ነው፣ እስኪደማ ነከስኩት። ጆይስቲኩ ወደቀ። "ታሪኩን ልትገድለው ነው? በልቶ ታሪኩ ቢሞትስ?" ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ቀና ስል እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጃንጥላቸው ገና እየተንጠባጠበ ነው።

"ምን አልሽ?" አሉኝ።

የማስበውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለቱን፣ ስልኩን፣ አዳኙ ሲወድቅ የሚሆነውን። ሳቅ ወይም ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ጆይስቲኩን ከመሬት አነሡና እጄ ውስጥ አስቀመጡት።

"በደንብ ያዢው" አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማኋቸው። "እንዳይወድቅ።"

ያን ጊዜ ኩራት ነበር የተሰማኝ። አዋቂ ሰው ሐሳቤን ሲቀበለኝ የመጀመሪያዬ ነበርና፣ ሐሳቤ ትክክል ስለሆነ የተቀበሉኝ መሰለኝ። እሳቸውም እንደ እኔ ፈርተው እንደሆነ አልገባኝም።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ብርሃኑ መጣ። ከታሪኩ ጋር አብሮ የሄደው የታች ሰፈሩ ልጅ ማለቴ ነው። ከእናቱ ጋር በሩ ላይ ሲቆም አላወቅኩትም፤ ራሱ ተላጭቷል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተሰቅሎ የሌላ ሰው ይመስላል። እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን ለቀቁለት። እኔ ጌሙን ባለበት አቆምኩት።

"ታሪኩስ?" አሉት።

"ደህና ነው እትዬ።"

"ደህና የሆነ ልጅ ይደውላል።"

ብርሃኑ እናቱን አያት፣ ከዚያ መሬቱን እያየ ተናገረ። ኬንያን አብረው ገብተዋል። እሱ ናይሮቢ ላይ በጠና ታምሞ ቀረ፤ ታሪኩ ከሌሎች ጋር ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ባለው ድንበር ተያዙ። አብሯቸው ታስሮ የተፈታ አንድ ልጅ ናይሮቢ መጥቶ ነው የነገረው። ታሪኩ ታስሯል። በሕይወት አለ፣ አልተጎዳም፣ መቼ እንደሚለቁት ግን የሚያውቅ የለም።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ባለው ስልክ ላይ አደረጉ። እልልታ ወይም ለቅሶ ስጠብቅ፣ "ማን ነው የሚጠይቀው?" አሉት።

"እ?"

"ስንቅ ማን ያቀብለዋል? እሑድ እሑድ ማን ይሄድለታል?"

ዕድሜ ልካቸውን በበራቸው ሳህን ሲያልፍ ያዩ ሴት ናቸው። እሥር ቤት ማለት ለእሳቸው ሰው ምግብ ይዞ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ለእኔም እንደዚያው ነበር።

"እዚያ ማንም አይጠይቅም እትዬ" አለ ብርሃኑ። "አገሩም ሩቅ ነው። እነሱ ናቸው የሚሰጡት።"

"ምን ይሰጡታል?"

"ገንፎ ቢጤ ነው። የበቆሎ።"

"በቀን ስንቴ?"

ብርሃኑ ወደ በሩ ዞረ። እናቱ ክንዱን ያዘችው። "አንዴ" አለ በመጨረሻ።

እትዬ ዘነበች ውሃ አጠጥተው፣ "እንኳን አንተን ለእናትህ አበቃህ" ብለው እስከ በሩ ሸኟቸው። ዝናቡን ቆመው አዩ። እኔና ቶላ ጌሙን እንዝጋው አንዝጋው ብለን ስንተያይ ተመለሱና ወንበሩን ትተው እኛ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አዳኙ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እያለከለከ ነበር። ብዙ አዩት።

"አብሉት" አሉ።

"እንጉዳይ አልቋል እትዬ" አልኩ።

"ሥጋ።"

ወደ እሳቸው ዞርኩ። "ጾሙ እኮ አልተፈታም። ስለቱስ?"

"ስለቱ የእኔ ነው። መንገደኛ ነው፣ ታስሯል፣ አገሩ ላይ አይደለም። የእሱን ጾም እኔ እጾምለታለሁ።" ወደ አዳኙ በአገጫቸው ጠቆሙ። "አብዪው ልጄ።"

ቶላን አየሁት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀልኝ። እሳቱን አነደድኩ። ሥጋውን በድንጋዩ ላይ ዘረጋሁ። ሥጋ የመጥበስ ችግሩ ሰዓቱን መጠበቅ ነው፤ ቀለሙ ቡናማ ሲሆን ቶሎ ካልገለበጥከው ይጠቁራል። ጾሙን ሙሉ አልጠበስኩም፣ ዓይኔም እንባ ሞልቶ ስክሪኑ ደብዝዞብኛል። የመጀመሪያው አረረ።

"ኧረ ኧረ" አሉ እትዬ ዘነበች። "ያረረ አትስጪው። ሌላ አድርጊለት።"

ሁለተኛው አማረ። አዳኙ በሁለት እጁ ያዘው፣ ጎረሰ፣ ቢጫዋ መስመር እየረዘመች ሄዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሞላች። ማለከለኩን አቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጨረሰ?" አሉ።

"ጨረሰ። ሞላ እትዬ፣ ጠግቧል" አለ ቶላ።

"በአንድ ቁራጭ?" ቶላን እንደ ሞኝ አዩት። "ድገሙለት።"

ሎንቺናን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ገደልነው፤ በሙሉ መስመር፣ አንዴም ሳንወድቅ። ለጉራ ያህል ልናገር ብዬ ነው እንጂ ብርሃኑ በመጣበት ቀን ወሬያችን እሱ አልነበረም። የዚያን ቀን ደገምንለት። ሠለስንለት። ጌሙ የጠገበን አዳኝ አይከለክልም፤ የተሰጠውን ሁሉ ይበላል፣ መስመሯ ግን ንቅንቅ አትልም፣ ሥጋው በከንቱ ያልቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህንንም ጉድለት ነው እል ነበር። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሲያልቅ ለእትዬ ዘነበች "አለቀ" አልኳቸው።

"እና ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉን። "ሂዱና አድኑለት።"

ወጣን። ትልልቆቹን አውሬዎች ትተን ሜዳ ላይ የሚግጡትን ትንንሾቹን አደንን፣ ተመለስን፣ እሳት አነደድን። እኔ ጠበስኩ፣ ቶላ ቀለሙን እያየ "አሁን" አለኝ። መብራቱ እስኪሄድ ድረስ ሌላ ነገር አልሠራንም። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር፣ አዳኙ በጎረሰ ቁጥር የእሳቸውም አፍ አብሮ እየተንቀሳቀሰ፣ "ብላ፣ ብላ" እያሉ።